ሦስት ተራራ የዞረው ገመድ

ባትማ የምትባለውን ሴት የሚያውቋት ሁሉ አንገቷን ቀና አድርጋ እንደምትሄድ ይናገራሉ። ኩራት አይደለም፤ የልጅነት ልማድ ነው። ያደገችው ከቲየን ሻን ተራሮች በአንዱ ሥር ባለ የማዕድን መንደር ነው። በዚያ መንደር ሰማይ ላይ ድንጋይ የተሞሉ የብረት ባልዲዎች በወፍራም የሽቦ ገመድ ተንጠልጥለው ከጉድጓዱ ወደ ፋብሪካው ቀኑን ሙሉ ይመላለሱ ነበር። አባቷ የገመዱ ዘይት ቀቢ ነበር። አንድ የገበያ ቀን ከባልዲዎቹ አንዱ ተላቀቀና ከነድንጋዩ ወረደ። ሰው አልነካም። ሐብሐብ ጭና የቆመች አንዲት አህያ ላይ ግን አረፈ፤ መሬት ላይ የፈሰሰው ቀይ የሐብሐቡ ይሁን የአህያዪቱ መለየት አቃተ። ሰዉ ደንግጦ ሲያበቃ "እንኳን ሰው አልሆነ" ብሎ ሳቀ። አባቷ አልሳቀም። ቤት ገብቶ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ምንጣፉ ዳር ቁጭ አለና "ትናንት ነክቼው ነበር እኮ፤ ደህና ይመስል ነበር" አለ። መላልሶ አለው።

ባትማ ያን ጊዜ ገና ፊደል ቆጣሪ ነበረች። ከዚያ ወዲያ ከራሷ በላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ሳታየው አታልፍም።

መንግሥት ሲፈርስ ማዕድኑም ተዘጋ። ባልዲዎቹ ለቁራሌው ብረት ሆኑ፤ ገመዱም ተቆራርጦ ወደ ቻይና ተጫነ። ባትማ ሳግን የሚባል ቀልደኛ መካኒክ አገባች፤ ቡሩል የምትባል አንዲት ልጅ ወለዱ። ያን ክፉ ዘመን እሱ ከሰው መኪና ሥር እየተጋደመ፣ እሷ ገበያ ላይ የሱፍ ካልሲ እየሸጠች አለፉት። መንደሩ ወጣቶቹን ወደ ሞስኮ እየሸኘ ባዶ ሊሆን ደርሶ ሳለ፣ የአጎቷ ልጅ ቴንቲሚሽ በተከታታይ የጭነት መኪና የተበታተነ ብረት ጭኖ ከአውሮፓ መጣ።

"ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?" አሉ ሽማግሌዎቹ።

"ወንበር ነው" አለ ቴንቲሚሽ። "ሰው ይቀመጥበታል፣ ገመዱ ጎትቶ ተራራ ጫፍ ያደርሰዋል፣ ከዚያ በበረዶ ሸርተቴ ቁልቁል ይወርዳል።"

"ሊወርድ ነው እንዴ የሚወጣው?"

ሳቁበት፤ ግን ሠራ። ምሰሶዎቹን ያቆመው፣ ወንበሮቹን አንድ በአንድ ገመዱ ላይ ያሰረው ሳግን ነበር። ወንበሩን ከገመዱ ጋር የሚያጣብቀው፣ ገመዱን እንደ ውሻ ነክሶ የሚይዝ ብረት አለ፤ ሠራተኞቹ መንጋጋ ይሉታል። መንጋጋዎቹ በጆንያ ታጭቀው፣ ወፍራም አረንጓዴ ቀለም ተለቅልቀው ነው የመጡት። ሳግን በሰማያዊ ደገመባቸው፤ የቴንቲሚሽ ሚስት ሰማያዊ ትወድ ነበር።

ባትማ ታችኛው ጣቢያ ተቀጠረች። ገመዱ ሰው ሲሳፈርም አይቆምም፤ ወንበሩ እየሄደ ነው የሚቀመጡበት። የእሷ ሥራ የሚመጣውን ወንበር በእጇ ያዝ አድርጎ ማለዘብ፣ ፈሪውን "ቁጭ በል፣ አይበላህም" ማለት፣ ነገር የተበላሸ እንደሆነ ደግሞ ቀዩን ቁልፍ መጫን ነው። ክረምቱ ሲገባ በየቤቱ እንግዳ ያድር ጀመር። ቦርሶክ የሚባለውን የሊጥ ጥብስ የሚጠብሰው ጠበሰ፣ ፈረስ የሚያከራየው አከራየ። ቡሩልም ከተማ ከመሄድ ተርፋ ሸርተቴ አስተማሪ ሆነች፤ የሕፃናቱ ክፍል የእሷ ነበር። መንደሩ በዚያ ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ ዳነ ማለት ይቻላል።

ነገሩ የተጀመረው ሽማግሌው ኦስትሪያዊ የመጣ ጊዜ ነው።

አሎይስ ይባላል። የመጀመሪያው በረዶ በጣለ ሰሞን መጣ፤ ሸርተቴም አልያዘ። ታችኛው ጣቢያ ቆሞ የሚያልፉትን ወንበሮች ቁልጭ ቁልጭ እያለ ሲያይ ቆየና አንዱን ክንድ ማሳረፊያ በጓንቱ ዳበሰው። ጫፉ እንደ በግ ቀንድ የተጠቀለለ ነበር። ከዚያ ዓይኑ እንባ ሞላ።

"ምን ሆነ ይኼ ሰውዬ?" አለች ባትማ ልጇን። "ታሞ እንደሆነ ወንበር ስጪው።"

ቡሩል በእንግሊዝኛ ስትጠይቀው ሽማግሌው እንደ ሕፃን ሳቀ። ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው። ሌላው ሰው ቤተ ክርስቲያንና ሙዚየም ሲጎበኝ እሱ ድሮ የሚያውቃቸው የተራራ ወንበሮች ተነቅለው የት እንደገቡ ከአገር አገር እየዞረ ይፈልጋል። አንዱን ቱርክ አገር አግኝቶታል፤ አንዱን የበግ በረት አጥር ሆኖ ደርሶበታል።

"ይኼ የእኛ ሸለቆ ወንበር ነው" አለ፣ ቡሩል እየተረጎመችለት። "ይህን ቀንድ ያጠፈው የሠፈራችን አንጥረኛ ነው። ልጅ ሆኜ እዚህ ላይ ተቀምጬ እግሬን አወዛውዝ ነበር። ትልቅ ሲገዙ ይኼን ለስሎቫኪያ ሸጡት። ተከትዬ ስሎቫኪያ ሄድኩ፤ ምሰሶው የቆመበትን ጉድጓድ ብቻ አገኘሁ። አንዱ ወንበር ገመዱን ለቆ ወደ ኋላ ተንሸራቶ የሚከተለውን መታው፣ የአንዲት ሴት ሁለቱም እግር ተሰበረ፣ በኋላም ነቀሉት አሉኝ። ቀልጦ ድስት የሆነ መስሎኝ ነበር! ይኸው እናንተ ጋ በሕይወት አለ!"

ሽማግሌው ደስታው አላስቆም አለው። ቡሩል የመጨረሻውን ስትተረጉም ግን ድምፅዋ እየቀጠነ ሄደ።

"ለምን ለቀቀ በይው" አለች ባትማ።

አሎይስ ትከሻውን ነቀነቀ፤ አላወቀም። ያን የስሎቫኪያ መንደር ስም በስልኳ ላይ ጻፈላትና ወንበሩን ፎቶ አንስቶ፣ ሁሉንም አቅፎ ስሞ ሄደ።

ባትማ በዚያው ቀን ቴንቲሚሽ ጋ ገባች። ነገሩን ከሥሩ ነገረችው።

"ኤጄ" አለ ቴንቲሚሽ። በዚያ አገር ታላቅ እህትን እንዲህ ነው የሚጠሩት። "ይስሙኝ፤ የሚታየውን ሁሉ ያዩ መርማሪዎች ናቸው ማኅተም የመቱልኝ። ሽማግሌ ቱሪስት ባወራ ገመድ ልዝጋ?"

"ለምን እንደለቀቀ እስክናውቅ ነው የምልህ።"

"አዲስ ዓመት ደርሷል እኮ! በየቤቱ አልጋ ተይዟል። የቦርሶክ ሻጯን፣ የባለፈረሶቹን፣ የሁሉንም ጉሮሮ ልዝጋ? እርስዎ ድሮም ከአህያዪቱ ወዲህ ሰማይ ይፈራሉ።"

ይቺ የመጨረሻዋ ጠቅ አደረገቻት። ወጥታ ወደ ጣቢያዋ ተመለሰች።

ሳግንም ቢሆን መጀመሪያ ላይ አፌዘባት። "የቤቴ እመቤት፣ እያንዳንዱን ብሎን በዚህ እጄ ነው ያጠበቅኩት። አንቺን ሠላሳ ዓመት አጥብቄ ይዤሻለሁ፤ ወንበር ያቅተኛል?"

"እኔ ነኝ የያዝኩህ።"

"ይሁን፤ አንቺ ነሽ የያዝሽኝ። ብረቱን ደግሞ እኔ።"

ግን ማግሥቱን ምሰሶ ላይ ሲወጣ አየችው። መንጋጋውን በመዶሻ ኳ ኳ ያደርጋል፣ ጆሮውን ይደግናል። ሲወርድ ቀልድ አልነበረውም። "ቀለሙ ወፍራም ነው" አለ ብቻ። "ከሥሩ ያለውን አያሳይም።"

ከዚያ በኋላ ሥራ ለባትማ ሥራ መሆኑ ቀረ። ሰው ታሳፍራለች፤ ዓይኗ ግን ከሰውየው ራስ በላይ መንጋጋው ላይ ነው። ወንበር ምሰሶ አልፎ ቀጭ ሲል ልቧ አብሮ ይዘላል። በሁለት ወንበር መካከል ያለው ርቀት የጠበበ ይመስላታል፤ መልሳ ስታየው ልክ ነው፤ ዘወር ስትል ደግሞ የጠበበ ይመስላታል። ከሁሉ የሚብሰው የቡሩል ሕፃናት ሲመጡ ነው። ቡሩል መሐል ትቀመጣለች፣ ግራና ቀኝ እንደ ጫጩት ይደረደራሉ፣ ወንበሩ ይዟቸው ይሄዳል፤ ባትማ እላይ ደርሰው እስኪወርዱ ዓይኗን ከእነሱ አትነቅልም።

"ቢያንስ አንቺ አትውጪ" አለቻት።

"አፓ፣ እኔ ባልወጣ ልጆቹን ማን ያወጣቸዋል?" አለች ቡሩል እናቷን። "ብቻቸውን ይውጡ?"



ያኔ ነው ኔታ ትዝ ያለቻት። ኔታ የልጅነት ጓደኛዋ ናት፤ ከዚያው ሸለቆ፣ ድሮ ጀርመኖች ከሰፈሩበት መንደር። ጀርመኖቹ ድንበሩ ሲከፈት ወደ አያቶቻቸው አገር ሲሄዱ እሷም ሄደች፤ አሁን አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። ኪርጊዝኛዋ ግን ከብዙ የመንደሩ ወጣት ይጠራል፤ ስድቡ ሳይቀር።

"ስሎቫኪያ?" አለች ኔታ በስልክ። "እዚህ ከእኔ ጋር አዛውንት የምታጥብ አንዲት ስሎቫክ አለችልኝ። ምላሷ ወፍጮ ነው። የመንደሩን ስም ላኪልኝ፤ ጳጳሱንም ቢሆን ከአልጋው ታስነሳዋለች።"

እስኪደወል ድረስ ያለው ጊዜ ለባትማ ረዘመ። አዲስ ዓመት ገባ፤ ሰልፉ ከጣቢያው አልፎ እስከ ፈረሶቹ ደረሰ። ኔታ አንዴ ደውላ "ማዘጋጃ ቤቱ አላውቅም አለ" ትላለች፤ ሌላ ጊዜ "ባለቤቱ ሞቷል፤ መካኒኩ ግን ከልጁ ጋር ሌላ ከተማ ይኖራል ይላሉ" ትላለች። ከዚያ ዝም አለች። ባትማ ስልኩን ጡቷ ሥር ሸጉጣ ታሳፍራለች፤ ብርድ ባትሪውን እንዳይገድልባት ነው።

ስልኩ የጮኸው ረፋዱ ላይ፣ ሰልፉ ከመቼውም በረዘመበት ቀን ነው። ቡሩልና ልጆቹ ገና አሁን ተሳፍረው ነበር፤ የወንበራቸው ጀርባ ከሁለተኛው ምሰሶ በታች ይታያል።

"ባትማ! መካኒኩን አገኘነው" አለች ኔታ፤ ትንፋሿ ይቆራረጣል። "ኦንድሬይ ይባላል። አጠገባችን በሌላው ስልክ ላይ ነው። የለቀቀው መንጋጋው ነው ይላል፤ ውስጡ ተሰንጥቆ ነበር። ሁሉንም በአዲስ ቀየሩ። ግን አሮጌዎቹን አልጣሉም፤ በጆንያ አስቀመጧቸው። ሲሸጡ ባለቤቱ ሁሉንም አንድ ላይ ቀለም ቀብቶ ጫነላችሁ። አዲሱም አሮጌውም ተደባልቋል!"

"በምን ይለያል?"

ኔታ በጀርመንኛ ጮኸች፤ ሌላዋ በስሎቫክኛ ጮኸች፤ ከሩቅ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ ተሰማ።

"አዲሱ ጀርባው ላይ ኮከብ አለው። አሮጌው ልሙጥ ነው። ባትማ፣ ሽማግሌው እያለቀሰ ነው፤ ሰው አለበት ወይ እያለ ነው።"

"አለበት" አለች ባትማ።

እጇ ወደ ቀዩ ቁልፍ ሄደ። ግን ብትጫነው ሰዉ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ድንገት ሲቆም ደግሞ ገመዱ ይናጣል። እጇን መለሰች። በሩን ወርውራ ዘጋችና ከፊቱ ቆመች። ገመዱ እንዲሄድ ተወችው፤ የተሳፈረው ይድረስ፣ አዲስ ሰው አይሳፈር ብላ።

"ምንድን ነው? ክፈቺ እንጂ!" አለ ሰልፉ።

"ተዘግቷል።"

"እየሄደ ነው እኮ! ባዶ ወንበር እየሄደ ነው!"

"ባዶውን ይሂድ።"

ቴንቲሚሽ ከቢሮው እየሮጠ መጣ። ካፖርቱን እንኳ አልለበሰም።

"ኤጄ፣ አበዱ? ይክፈቱ!"

"አልከፍትም።"

"ሰው ፊት አያዋርዱኝ! በእናቴ አጥንት ይሁንብዎ፣ ይክፈቱ!"

"የእናትህን አጥንት ተወውና ቀና በል" አለችው። "ቡሩል እዚያ ላይ ናት። ልጆቹ ከእሷ ጋር ናቸው፤ አንዱ የአንተ የልጅ ልጅ ነው። የተሰነጠቀ ብረት ይሁን ደህና ብረት የያዛቸው አላውቅም። አንተም አታውቅም። ዝም ብለህ አብረኸኝ እይ።"

ቴንቲሚሽ ቀና አለ።

 ሰልፉም ነገሩ ቀስ በቀስ ገባው መሰለኝ፤ ጩኸቱ ወደ ሹክሹክታ ወረደ። የትልቁ መዘውር ድምፅ ብቻ ቀረ፤ ሲዞር እንደ አሮጌ ጋሪ ያቃስታል። የቡሩል ወንበር ገደሉን ሊያቋርጥ ነበር፤ እዚያ ጋ ገመዱ ከመሬት በጣም ይርቃል፣ ቁልቁለቱም ይከፋል። ወንበሩ ምሰሶ በነካ ቁጥር ቀጭ ይላል። ቴንቲሚሽ የባትማን እጅጌ ጨብጦ እንደያዘ አላወቀም። አንዱ ልጅ እግሩን ያወዛውዛል፤ ከታች እንደ ትንሽ ጥቁር ነጠብጣብ ይታያል። "አታወዛውዝ" አለች ባትማ በሹክሹክታ፤ "ልጄ አታወዛውዝ።"

የላይኛው ጣቢያ ጥቁር ጣሪያ ወንበሩን ዋጠው። ስልኳ ጮኸ።

"አፓ፣ ደርሰናል፤ ለምን ባዶ ወንበር ትልኪያለሽ?" አለች ቡሩል።

ባትማ በረዶው ላይ ተቀመጠች። ሁሉም ሰው ወርዶ ገመዱ ባዶ መሆኑን ከላይ ሲነግሯት ነው ቀዩን ቁልፍ የተጫነችው።

ሳግን መፋቂያውን ይዞ ታች ጣቢያው ላይ ባለው ወንበር ጀመረ። ሰማያዊው ተላጠ፤ አረንጓዴው ተላጠ፤ ከሥሩ ሌላ ቢጫ ነበረ፤ እሱም ተላጠ። ኮከብ። "ተመስገን" አሉ ዙሪያውን የቆሙት። ወደሚቀጥለው ሄደ። ኮከብ። የሚቀጥለው ልሙጥ ሆነ። ከዚያ ደግሞ ልሙጥ። ሳግን መፋቂያውን መሬት ላይ አስቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። "እኔ ነኝ ያሰርኳቸው" አለ። "በዚህ እጄ።" ባትማ አባቷን ያየች መሰላት፤ ሄዳ ትከሻውን ያዘች።

ልሙጦቹን ፈተው ጋራዡ ውስጥ ደረደሯቸው። ሳግን የማዕድኑ ሰዎች ድሮ የሚያደርጉትን አደረገ፤ ነጭ ጋዝ ቀባቸው፣ ጠረጋቸው፣ ከዚያ ኖራ ለቀለቃቸው። ስንጥቅ ካለ የገባው ጋዝ ወጥቶ ነጩን ኖራ ያጠቁረዋል። ቴንቲሚሽ በርሜል ላይ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። አብዛኞቹ ነጭ እንደሆኑ ቀሩ። ጥቂቶቹ ላይ ግን እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር ቀስ እያለ ወጣ። አንደኛው ላይ መስመሩ ከዳር እስከ ዳር ሊደርስ ትንሽ ነበር የቀረው። ቴንቲሚሽ መስመሩን በጣቱ ተከተለው፤ ከዚያ ወጥቶ ሄደ።

ያ መንጋጋ የትኛው ወንበር ላይ እንደነበረ ሳግን ያውቃል። ለቡሩል አልነገራትም፤ ለባትማም አልነገራትም። እሷም አልጠየቀችውም።

ገመዱ ያን ክረምት እንደቆመ ቀረ። እንግዶቹ ሻንጣቸውን እየጎተቱ ሄዱ። መንደሩ ባትማን አመሰገናት ለማለት እወድ ነበር። ቦርሶክ ሻጯ ግን ሰላምታዋን አልመለሰችላትም። ባለፈረሶቹ "ሰው ሳይሞት ለቅሶ ተቀመጥን" እያሉ አሙባት። ጥቁሩን መስመር ያላየ ሰው ስለ ጥቁሩ መስመር ቢነግሩት ምኑም አይደለም፤ ባዶውን አልጋ ግን ያየዋል። ቴንቲሚሽም አዲስ መንጋጋ ፍለጋ አገር ለአገር ሲባዝን ሰነበተ፤ እሷን ሲያይ ራሱን ደፍቶ ያልፋል።

ቤታቸው የመጣው ለኖሩዝ፣ ለጸደይ መግቢያው በዓል ነው። ሙሉ የበግ ጭን ይዞ ገባና ጫማውን አውልቆ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። ሻይ በወተት ቀረበለት። 

"ኤጄ" አለ በመጨረሻ፤ "አንድ ያልነገርኩዎ ነገር አለ። ወንበሮቹን ስሎቫኪያ ስገዛ ብቻዬን አልነበርኩም። ገመዱ በጣም ረጅም ስለነበር ከአንድ ጆርጂያዊ ጋር ለሁለት ተካፈልነው። ጆንያዎቹንም እንዲሁ፤ አንዱን ላንተ፣ አንዱን ለእኔ እያልን።"

ሳግን ስኒውን አስቀመጠ።

"የት ነው ያቆመው?" አለች ባትማ።

"አላውቅም። ስሙንም ረስቼዋለሁ። ጺሙ ቀይ ነበር። ሸርተቴውን ከወይን እርሻዬ በላይ ነው የምሠራው ይል ነበር። ክረምቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ ይኼ ነው፤ አፍሬ ነው ያልነገርኩዎ።"

"አፍረህ!" አለች ባትማ ድንገት በቁጣ ተነስታ። "ሰው ተሳፍሮበት ይሆናል፣ አንተ ታፍራለህ? ቡሩል፣ ስልክሽን አምጪ።"

በዓሉ እዚያው ላይ ተበላሸ። ቡሩል በጆርጂያ ያሉትን የሸርተቴ ተራሮች ሁሉ እየፈለገች ትደውላለች፤ ባትማ በሩሲያኛ ትጠይቃለች። አንዱ አልገባውም፤ አንዱ "ወንበራችን አዲስ ነው" ብሎ ተቆጣ፤ አንዱ ማስታወቂያ መስሎት ዘጋባት። የበጉ ጭን ቀዘቀዘ። ቴንቲሚሽ እንደ ተቀጣ ልጅ ጥግ ተቀምጦ ይሰማል።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት አነሳች። ሩሲያኛዋ ኮልታፋ ነው፤ ትልቅ ሴት ትመስላለች። ከኋላዋ የሚያቃስት የመዘውር ድምፅ ይሰማል። ባትማ ድምፁን ታውቀዋለች።

"ወንበራችሁ የክንድ ማሳረፊያው ጫፍ እንደ በግ ቀንድ የታጠፈ ነው?"

"አዎ" አለች ሴትዮዋ ገርሟት። "አንቺ ማን ነሽ? መጥተሽ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም። አሁን ሰው አለበት?"

"ሞልቷል እንጂ፤ ቅዳሜ እኮ ነው።"

"እኅቴ ስሚኝ" አለች ባትማ። "እኔም እንዳንቺ ታች ጣቢያ ነው የምሠራው። ገመዱ ባዶ እስኪሆን ቀዩን ቁልፍ እንዳትጫኚ። በሩን ብቻ ዝጊ። የተሳፈሩት ይድረሱ፤ አዲስ ሰው አይሳፈር። ምክንያቱን በሩን ዘግተሽ ስትመጪ እነግርሻለሁ።"

ሴትዮዋ ዝም አለች። ሳግን ዓይኑን ጨፈነ። ባትማ "ስልኩን ዘጋችው" ብላ ተስፋ ልትቆርጥ ስትል "ቆይ" የሚል ቃል መጣ። ስልኩ እንጨት ላይ ሲቀመጥ ኳ አለ። ከሩቅ ሴትዮዋ በማይገባቸው ቋንቋ ስትጮህ፣ ብዙ ሰው በቁጣ መልሶ ሲጮህባት ተሰማ። አንድ የብረት በር ጓ ብሎ ተዘጋ።

መዘውሩ ማቃሰቱን ቀጠለ።  ባትማ ስልኩን ከጆሮዋ አላነሳችም፤ የመጨረሻው ሰው ወርዶ ያ ድምፅ ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ እስኪቆም ድረስ ያዘችው።